ከኮምቦልቻ ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ ብቻችሁን በሳይክል ለምትወጡ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ሐይቅ ከተማ ደርሶ በአንድ ቀን በሳይክል መመለስ ይቻላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው አንዳንዱ ነገር ሊያስፈራ ስለሚችል ነው። ማንም እንዲቀር አልፈልግም። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሳይክል ባይ ደስ ይለኛል። ግን መጀመሪያ የወጣሁ ቀን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ስቃይ ይቀርልኝ ነበር። የምጽፈው ለዚህ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ገደማ። ደርሶ መልሱ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሜዳ ላይ ቢሆን ሳይክል ለለመደ ሰው ያን ያህል አያስጨንቅም። ወሎ ላይ ግን ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ገና ከቤት እንደወጣችሁ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ከደሴ በኋላ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ወደ ሐይቅ የወረዳችሁት ሁሉ ብድር ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ደክሟችሁ፣ በፀሐይ ትከፍሉታላችሁ።

የወጣሁት በኅዳር ነበር። ጊዜው ጥሩ ነው። ክረምቱ አልፏል፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ የጠራ ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ግን በፍጹም አትሞክሩት። በበልግም ወሎ ላይ ዝናብ አለ፣ ስለዚህ ከየካቲት በኋላም ሰማዩን አይታችሁ ውጡ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን ቀን ከደሴ የመጣ ሾፌር ብታናግሩ ከማንም የተሻለ ትረዳላችሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። አሁን 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው የምወጣው። ግማሽ ሰዓት ምንም ለውጥ የማያመጣ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን በዳገቱ ላይ ታዩታላችሁ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ኮምቦልቻ ላይ ነው የሚገናኟችሁ። ረፋድ ላይ ከነሱ ጋር አብሮ ሽቅብ መውጣት ማለት ጭሳቸውን እየጠጡ መውጣት ነው። በጠዋት ግን መንገዱ ለናንተ ነው። ወፍ ትሰማላችሁ፣ ትንፋሻችሁን ትሰማላችሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው። አንዱን ኩርባ ስትጨርሱ ሌላው ይመጣል። እዚያ ላይ የማይጠቅመው ነገር መቸኮል ነው። ማርሹን ገና ሳይከብዳችሁ ቀንሱ። ከከበዳችሁ በኋላ ከቀነሳችሁ ካቴናው ይንጫጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን በእኩል ምት አዙሩ። ልካችሁን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጡ መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ካልቻላችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል። እኔ ብቻዬን ስለነበርኩ መንገድ ዳር ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላምታ እሰጥ ነበር። "እንዴት አደራችሁ፣ ሥራ ያቅልላችሁ" ብዬ መጨረስ ስችል ልክ ነኝ ማለት ነው። ሰላምታው ለሌላም ይጠቅማል። ልጆች ሳይክሏን ሲያዩ ሮጠው ይመጣሉ። ቀድማችሁ ሰላም ካላችኋቸው አብረዋችሁ ሮጠው ይመለሳሉ። ዝም ካላችሁ ነው ድንጋይ የሚያነሳው የሚገኘው።

ደሴ ስገባ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጦሳ ተራራ ከበላዬ ቆሟል፣ አየሩ ይቆርጣል። ፒያሳ ሻይ በዳቦ በላሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጉልበቴም ሙሉ ነበር። ውሃ ልሞላ ስል ግን አንዱን ኮዳ ብቻ ሞልቼ ሌላውን ባዶውን ተውኩት። ምክንያቱም ጥማት አልተሰማኝም። ይህን ልብ በሉ። ደጋ ላይ ላባችሁ ቶሎ ይደርቃል፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰውነታችሁ ውሃ አጣሁ ብሎ አይነግራችሁም። ሸሚዜ ላይ ነጭ የጨው መስመር ወጥቶ ነበር፣ አይቼም አልፌዋለሁ። ያ መስመር የጠፋው ውሃና ጨው ነው። ደሴ ላይ ባትጠሙም ጠጡ። ሁለቱንም ኮዳ ሙሉ።

ከደሴ ወደ ሐይቅ መውረድን በቃላት ለመንገር ይከብደኛል። ገበሬው አጨዳ ላይ ነበር። የማሽላው ነዶ በየማሳው ተከምሯል፣ ነፋሱ የጭድ ሽታ ያመጣል። ከሆነ ኩርባ በኋላ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል ፔዳል መምታቱን ትቼ ዝም ብዬ አየሁት።

ግን ቁልቁለት ጥበብ ይፈልጋል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨብጣችሁ አትውረዱ። አጥብቃችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ደግማችሁ ያዙ። መሀል ላይ ቆሜ ቸርኬውን በጣቴ ነካ ሳደርገው አቃጠለኝ። እንደዚያ ከጋለ የፍሬኑ ጎማ መያዝ ያቆማል፣ የሳይክሉ ጎማም ሊፈነዳ ይችላል። ፍጥነት የምትቀንሱት ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የፊት ፍሬን በድንገት መያዝ ያንሸራትታል። ከወገባችሁ ወደ ኋላ ሸሸት በሉ። በየ10 ደቂቃው ደግሞ ቆም ብላችሁ ቸርኬው እንዲቀዘቅዝ አድርጉ። በዚያውም ላይ ዕይታው ስለማይጠገብ መቆሙ አይከፋችሁም።

ሐይቅ ከ5 ሰዓት በፊት ደረስኩ። ቀኑ ሁሉ ገና ከፊቴ ያለ መሰለኝ። ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አዘዝኩ፣ ከነእንጀራው እስክጠግብ በላሁ። ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድኩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። እዚያ ቆሞ ሰዓት ማየት ይከብዳል። (እህቶቼ፣ ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። እናንተ ጊዜያችሁን ለሐይቁ ዳር ያዙት።) ተመልሼ ዛፍ ሥር ጋደም አልኩ። ስነሳ 8 ሰዓት ሆኗል።

ቀኑን ያበላሸው ይህ ነው። ዳገቱም፣ ርቀቱም፣ ሳይክሉም አይደለም። ቁልቁለቱ ስላልደከመኝ ገና ብርቱ ነኝ ብዬ አሰብኩ። መልሱ ግን ከሄድኩበት በእጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ መመለሻችሁን በቦታ አትወስኑት፣ በሰዓት ወስኑት። የትም ብትደርሱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ሐይቁ 3 ኪሎ ሜትር ቢቀራችሁም ተመለሱ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። የእጅ ሰዓቴን ደወል የምሞላው ለዚህ ነው።

ዳገቱን የጀመርኩት ሆዴ ሙሉ ሆኖ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ሆና ነው። ውሃዬ ብዙ ሳልሄድ አለቀ። ከዚያ በቀኝ እግሬ ባቴን ጨመደደኝ። ወርጄ ሳሸው ለቀቀኝ፣ ስወጣ እንደገና ያዘኝ። ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። ሐሳቤ መዝረክረክ ጀመረ። መኪና ከኋላ ሲመጣ እሰማለሁ፣ ግን ወደ ዳር ልውጣ የሚለው ሐሳብ ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ የአቅም ማነስም አይደለም። በደማችሁ ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድና ውሃና ጨው ሲያልቅ የሚመጣ ነው። እንዲህ ሲሆን መታገል አያዋጣም። ወዲያው ቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ጣፋጭ ነገር ብሉ።

ሳይክሏን እየገፋሁ ስሄድ መንገድ ዳር ካለ ቤት አንዲት እናት አዩኝ። ከሰል ላይ ጀበና ጥደው ነበር።

"አፈር ስሆን ልጄ፣ ፊትህ አመድ መስሏል። ና ግባ፣ አረፍ በል።"

"እማማ፣ አመሰግናለሁ፣ መሽቶብኛል" አልኳቸው።

"ይምሽ! ስትወድቅ አይመሽም ወይ? አብሽር፣ ግባ።"

ገባሁ። በርጩማ አቀረቡልኝ። መጀመሪያ በጣሳ ውሃ ሰጡኝ፣ ግን በአንዴ እንድጨልጠው አልፈቀዱም። "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ እጄን ይይዙኝ ነበር። ቀጥሎ የገብስ ቆሎ። ቀጥሎ ቡና። ቡናው በጨው ነው። ወሎ ገጠር ለደረሰ ሰው አዲስ አይደለም፣ እኔ ግን ያን ቀን የጠጣሁት ጨው ጣዕሙ ከስኳር በላይ ሆነብኝ። አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ቶናውም በረካውም እስኪወርድ ተቀመጥኩ። ባቴ ዘና አለ። መንገዱ እንደገና ጥርት ብሎ ታየኝ። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል ደክሜ እንደነበር የገባኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገር ከቦርሳዬ አይለይም። አንደኛው በሶ ነው። በፌስታል ቋጥሬ እይዛለሁ፣ በውሃ በጥብጬ ትንሽ ማር ጠብ ካደረግሁበት ሆድ ሳይከብድ ጉልበት ይሰጣል። ሁለተኛው ኦ አር ኤስ ነው፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የስኳርና የጨው ዱቄት። ፋርማሲ ካጣችሁ ቤት አዘጋጁት። ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ማንኪያው ሞልቶ የተከመረ ሳይሆን በልኩ የተስተካከለ ይሁን። ጨውን አታብዙ። ምግብም እስኪርባችሁ አትጠብቁ። በየ40 ደቂቃው ሙዝ፣ ዳቦ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ቅመሱ። ትልቁን ምሳ ግን ለማታ አቆዩት። ቆሮሶው የትም አይሄድም።

ደሴ ስመለስ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል። በኅዳር 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትገባለች። እዚያ ላይ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። አሰብኩም። ግን ያሰብኩት "25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ቁልቁለት" ብዬ ነው። ለደከመ ሰው ቁልቁለት ከዳገት የበለጠ አደገኛ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ዳገት ላይ ብትደክሙ ትቆማላችሁ። ቁልቁለት ላይ ግን ዓይናችሁና እጃችሁ ሲዘገይ ሳይክሏ አትጠብቃችሁም።

ከደሴ እንደወጣሁ ጉሙ ወረደ። የደሴን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከፊት ያለው ኩርባ ጠፋኝ። በላብ የራሰው ሸሚዜ በነፋሱ በረዶ ሆነ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ የፍሬኑን ማንሻ እንደያዝኩ ማወቅ እስኪያቅተኝ ድረስ። የኋላው ፍሬን ደግሞ ጎማው አልቆ ብረቱ ይፋጫል። መብራት የለኝም። አንድ ሲኖትራክ ኩርባ ላይ ሌላ መኪና ሊያልፍ ወደኔ መስመር ሲገባ ወደ አፈሩ ወጣሁ። አልወደቅሁም። ግን ከሳይክሏ ወርጄ ቆምኩ፣ ጉልበቴም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ አልወጣሁባትም። በግራ በኩል፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየሁ እየገፋሁ መሄድ ጀመርኩ።

ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ቆመልኝ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ወንድሜ፣ ጫናት። ነገም ቀን ነው" አለኝ። ረዳቱ ወርዶ ሳይክሏን ከላይ አሰረልኝ። ጋቢና ውስጥ ሙቀቱ ሲያገኘኝ ነበር ጥርሴ መንገጫገጩን ያስተዋልኩት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ገንዘብ ልሰጥ ብል አልተቀበሉኝም።

በመኪና መመለስ ሽንፈት የሚመስላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ይህን ሐሳብ ተዉት። ብቻውን የሚወጣ ሰው የሚመልሰው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ለብቻ ይያዝ። ደሴ መናኸሪያ ለኮምቦልቻ ሚኒባስ አይጠፋም፣ ሳይክል ላዩ ላይ ይጭናሉ። ለአንድ ሰው ደግሞ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ሰዓቱ ካለፈ እንዲደውል አደራ በሉት። እኔ የነገርኩት ሰው አልነበረም። እናቴ የሰማችው ማታ ነው፣ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ያንኑ መንገድ ደግሜ ሄድኩ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ሐይቁን ከዳር አይቼው፣ በሶዬን ጠጥቼ፣ ደወሉ ሲጮህ ተመለስኩ። ገዳሙን በሌላ ቀን በመኪና ሄጄ ተሳለምኩ። እኒያን እናት ቤት ቆምኩ፣ ስኳርና ቡና ይዤላቸው ነበር። ኮምቦልቻ የገባሁት ፀሐይ ገና ሳለች ነው። ጉልበቴ ደክሟል፣ ግን ጭንቅላቴ ንጹሕ ነበር። ልዩነቱ የጉልበት አልነበረም። ያው ሰው፣ ያችው ሳይክል ነን።

ስለ ሳይክሏ ትንሽ ልጨምር። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን የፍሬን ጎማችሁን አውጥታችሁ እዩ፣ ከሳሳ ቀይሩት። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና ልጥፍ ያዙ። ጎሚስታ ደሴም ሐይቅም አለ፣ በመሀል ግን ጎማችሁ ቢተነፍስ ራሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ ቤታችሁ በር ላይ አንዴ አውልቃችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ካቴናው ላይ ዘይት ጠብ አድርጉና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። አቧራ የሚይዘው ትርፉ ነው። ከኋላ ቀይ መብራት ይኑራችሁ፣ ቀን ላይም አብሩት። ሄልሜት ያለ ምንም ክርክር አድርጉ።

ለብርዱ ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ደሴ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ግዙና ከመውረዳችሁ በፊት ደረታችሁ ላይ፣ በሸሚዙና በጃኬቱ መሀል አስገቡት። ነፋሱን ያቆመዋል፣ ላቡንም ይመጥጣል። ደረቅ ካናቴራ ካላችሁ ቀይሩ። ጓንት ከሌላችሁ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቁ፣ ጣታችሁ ፍሬኑን እስከተሰማው ድረስ ምንም አይደል።

በማግሥቱ ሙሉ ቀን አትተኙ። ትንሽ በእግራችሁ ተንቀሳቀሱ፣ ውሃ ጠጡ። ጉልበታችሁ ፊት ለፊት ካመማችሁ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ጥቂት ብቻ መታጠፍ አለበት። ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ከፍ አድርጉትና ሞክሩት።

ይህን መንገድ ከጨረሰ በኋላ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ባቲ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም በአብዛኛው እየወረዱ ሄዶ እየወጡ መመለስ ነው። ወደ ቆላው ስለሆነ ሙቀቱ ይብሳል። ውሃውን ከሐይቅ መንገድ እጥፍ አድርጉት፣ መመለሻ ሰዓታችሁንም ወደ 4 ሰዓት አምጡት። ሰኞ ግን አትሂዱ። የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው፣ መንገዱ በግመልና በአህያ ይሞላል።